ስለ ጤና ጣቢያችን መኪና ዘይት፣ በግለ ሂስ ፈንታ የተጻፈ

ነቀምቴ፣ ሚያዝያ 1974 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ወልደዮሐንስ
የተሽከርካሪ ስምሪትና ጥገና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ጓድ ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ስብሰባዎ ሁሉ እንዴት ነው? እኛ በጤና ጣቢያው ያለን ሠራተኞች፣ ጽሕፈት ቤትዎ ዘወትር ስለሚያስብልን፣ እግራችን በርትቶ፣ ወገባችን ጸንቶ ደህና ነን። መኪናችን በቆመችባቸው ወራት የክትባት ሣጥን ተሸክመን በየቀበሌው በእግራችን ስለዞርን፣ ለሰውነታችን ጥንካሬ ያደረጉትን አስተዋጽኦ ሳላነሣ ባልፍ ነውር ይሆንብኛል።

ስሜ ዓባይነሽ ጨመዳ ነው፤ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ከጽሕፈት ቤትዎ በደረሰኝ ወረቀት፣ ያለ ኮሚቴው ፈቃድ የመንግሥት መኪና ዘይት በማስቀየሬ ግለ ሂስ ጽፌ እንዳቀርብ ታዝዣለሁ። ትእዛዝ አክባሪ ነኝና ብዕር አንሥቼ ተቀመጥኩ። ይሁን እንጂ ስጽፍ ስጽፍ ግሉ እያነሰ ሂሱ እየበዛ ስለሄደብኝ፣ በውይይት ክበቡ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፍ ግልጽ ደብዳቤ ሆኖ ወጣ። ከዚህ በታች በተራ ቁጥር የማቀርበው ምስጋናዬን ነው።

አንደኛ፣ ስለ ጽናትዎ አመሰግናለሁ። መኪናችን በናፍጣ የምትሠራ፣ ከነቀምቴ እስከ አርጆና እስከ ኑኑ ቁምባ ድረስ ወላድና ክትባት የምታመላልስ አንዲት መኪና መሆኗን ያውቃሉ። ሾፌራችን ኦቦ ነመራ የበጋውን አቧራና የክረምቱን ጭቃ አይቶ፣ የሞተሯ ዘይት በየአምስት ሺህ ኪሎ ሜትሩ መሆኑ ቀርቶ በግማሹ እንዲቀየርልን ማመልከቱን ያስታውሳሉ። እርስዎም «የመኪናዋ መጽሐፍ አምስት ሺህ ካለ አምስት ሺህ ነው፤ መጽሐፍ በሾፌር አይታረምም» ብለው መለሱት። ያው መጽሐፍ በሚቀጥለው ገጽ ላይ፣ መንገዱ አቧራማ ወይም ጭቃማ ከሆነ ቶሎ ቶሎ ቀይሩ እንደሚል ልናሳይዎት ይዘነው መጥተን ነበር። ስብሰባ ላይ ነበሩ። በማግሥቱም ስብሰባ ላይ ነበሩ። ከአንድ ገጽ በላይ ባለማንበብዎ የቆጠቡትን ጊዜ ሕዝቡ ተጠቅሞበታል ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛ፣ ጽናትዎን በተዉበት ፍጥነት ተደንቄያለሁ። የዘይት እጥረት መጣ በተባለ ሰሞን ያ የማይታረመው አምስት ሺህ ድንገት «ጊዜው ያለፈበት ግትር አሠራር» ተባለ። ከእንግዲህ መኪና ሁሉ ዘይቱ የሚቀየርለት እንደየሁኔታው ነው፤ ሁኔታውንም ኮሚቴ ያጠናል የሚል ሰርኩላር ደረሰን። እውነቱን ልናገርና ያን ቀን ደስ ብሎን ነበር። እንደየሁኔታው ከሆነ ከእኛ የባሰ ሁኔታ ያለው ማን ነው? ለካስ የእርስዎ «እንደየሁኔታው» ማራዘም እንጂ ማሳጠር አያውቅም ኖሯል።

ኮሚቴዎ የዘይቱን ሁኔታ የሚያውቀው በቀለሙ እንደሆነም ተነገረን፤ ሲጠቁር ይቀየራል ተባለ። የናፍጣ ሞተር ዘይት በተቀየረ ማግሥት እንደሚጠቁር ማንም መኪና ያለው ነጋዴ ያውቃል። ነመራ በታዘዘው መሠረት ዘይቱ በተቀየረ ማግሥት ጠቁሯል ብሎ ሪፖርት ሲያደርግ፣ የኮሚቴው ሰብሳቢ «ትናንት የተቀየረ ዘይት ዛሬ ጠቆረ የምትለው ምን ብትጨምርበት ነው?» ብለው በአሻጥር ጠረጠሩት። ከዚያ ወዲያ ቀለም አይታይም ተባለና ኮሚቴው እስኪሰበሰብ እንድንጠብቅ ተነገረን። ሊሰበሰብ ሲል ግማሹ አባል ለዘመቻ ይወጣል፤ ግማሹ ሲመለስ ሌላው ይወጣል። መኪናዋ ግን ስብሰባ ስለማታውቅ መሄዷን አላቆመችም። አምስት ሺውን አለፈች፤ ሌላ አምስት ሺህም ደገመች።

ሦስተኛውን ምስጋና በምን ቃል እንደምጽፈው ስላላወቅሁ የሆነውን ብቻ እነግርዎታለሁ።

በጥቅምት ወር አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ኑኑ ቁምባ አንዲት ወላድ ምጥ ጠንቶባታል፣ የሕፃኑ እጅ ቀድሞ ወጥቷል የሚል መልእክት መጣ። ነመራ ከዚያ በፊት ዘይቷ ካልተቀየረ መኪናዋን ከከተማ አላወጣም ብሎ በጽሑፍ አስታውቆ ነበር። «ሲስተር፣ በዚህ ዘይት ሄዳ የምትመለስ አይመስለኝም» አለኝ። የሕፃኑን እጅ ነገር ስነግረው ግን ቁልፉን አነሣ።

ሄድን፤ ደረስን። ሸዋርጋ ትባላለች፤ የመጀመሪያ ልጇ ነበር። ባሏ ባቻ አቅፎ መኪናው ውስጥ አስተኛት፣ እኔ ከጎኗ ተቀመጥኩ፤ ተመለስን። አቀበቱን ስንጀምር የዘይቱ መብራት በራ። ነመራ ወርዶ በእጁ የነበረውን ጥቂት ዘይት ጨመረና ቀጠለ። ከዚያ ከሞተሩ ውስጥ ብረት በመዶሻ የመምታት ዓይነት ድምፅ መጣ፤ ሞተሩ ተጣበቀና መኪናዋ አቀበቱ መካከል ቀረች። ባቻ ፊቴን እያየ «አዴ፣ ማሊፍ ዻበቴ?» አለኝ፤ ለምን ቆመች ማለቱ ነው። ኮሚቴው ስላልተሰበሰበ ነው ብዬ ልመልስለት አልቻልኩም። ነመራ ወርዶ እጁን ሞተሩ ክዳን ላይ እንዳኖረ ቆሞ ቀረ።

ከገበያ የሚመለሱ ገበሬዎች ሁለት እንጨት ቆርጠው ጋቢያቸውን አሰሩበትና ቃሬዛ ሠሩልን። እየተቀባበሉ ተሸከሟት። በመንገድ አሳርፈዋት የማዳመጫውን ቀንድ ሆዷ ላይ ባደርግ የሕፃኑ ልብ አይሰማም። ቦታ ለውጬ ሞከርኩ፤ እንደገና ለወጥኩ። ሸዋርጋ ዐይን ዐይኔን እያየች «አለ?» አለችኝ። «በርቺ» አልኳት። ቡና የጫነ መኪና አግኝተን ነቀምቴ ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሞቹ እናቲቱን አተረፉልን። ወንድ ልጅ ነበር። ባቻ በነጠላ ጠቅልሎ ወደ አገሩ ይዞት ሄደ።

አራተኛ፣ ጥፋተኛ በመፈለግ ረገድ ላሳዩት ትጋት ምስጋናዬ ይድረስዎ። ለዘይት ያልተሰበሰበ ኮሚቴ ለክስ በሦስተኛው ቀን ተሟልቶ ተሰበሰበ። ሞተሩ የተበላሸው በሾፌሩ ግድየለሽነት ነው ብሎም ወሰነ። እኔ ምስክር ሆኜ ቀርቤ፣ ነመራ ስንት ጊዜ እንዳመለከተ ልናገር ብነሣ፣ «ጓዲት፣ ስለ ማዋለድ ስንጠይቅሽ ትናገሪያለሽ» ተባልኩ። እነሆ ሳልጠየቅ ስለ ማዋለድ ልናገር። እኛ ዘንድ ነፍሰ ጡር ሴት የተወሰነ ቀጠሮ አላት። ሕመም ከተሰማት ከቀጠሮዋ በፊት ትመጣለች፤ ማንም አይመልሳትም። ደህና ነኝ ብላ ከቀጠሮዋ ብትቀር ግን ቤቷ ድረስ ሄደን እንፈልጋታለን። ደም እስክታዪ ድረስ አትምጪ ብለን አናውቅም። በሞተር ላይም ቢሆን ከዚህ የተለየ ጥበብ የሚያስፈልግ አይመስለኝም፤ ከልኩ አስቀድሞ መቀየር ይቻላል፣ ልኩን ማሳለፍ ግን አይቻልም።

ነመራ ዛሬ በእርስዎ ውሳኔ የመጋዘን ዘበኛ ነው። በየጠዋቱ በጤና ጣቢያው በር ሲያልፍ መኪናዋን ላለማየት ፊቱን ያዞራል።

አምስተኛውና የመጨረሻው ስለ ተከሰስኩበት ጉዳይ ነው። መኪናዋ በየካቲት ተጠግና ስትመጣልን፣ ሠራተኞቹ ተነጋግረን መንገዱ እስካልተሻሻለ ድረስ ዘይቷ በግማሹ፣ በሁለት ሺህ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር፣ እንዲቀየር ወሰንን። ባኬ ጃማ ሰፈር መለዋወጫ የሚሸጡት አቶ ገብረመስቀል ዘይቱንና ፊልትሮውን አመጡልን። ችግር እንዳያመጣባቸው ብጠይቃቸው «እቴ፣ ልጆቼን ሁሉ የተቀበልሻቸው አንቺ ነሽ፤ ማንን ነው የምፈራው?» አሉኝ። በጠራራ ፀሐይ፣ በጤና ጣቢያው ግቢ፣ በሽተኛው ሁሉ እያየ ቀየርነው። ልኩ ሲደርስም እንደገና እንቀይራለን። ጽሕፈት ቤትዎ ያለ ፈቃድ የገባውን ዘይት ማስወጣት ቢፈልግ በሥራ ሰዓት ይምጡ፤ ማጠራቀሚያውን ጣሳ እኔ እይዝልዎታለሁ።

ስለዚህ ግለ ሂሴን አልጽፍም። ነመራም ወደ መሪው እንዲመለስ እጠይቃለሁ፤ እስኪመለስ ድረስም በየስብሰባው ስሙን አነሣለሁ። ከሥራ ቢያሰናብቱኝ ማዋለድ በቤትም ይቻላል፤ ወላዶቹ አድራሻዬን ያውቃሉ።

ለዕረፍትዎ፣ ለወንበርዎና ለማኅተምዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ትእዛዝዎን አንብቤና ተረድቼ ያልፈጸምኩ፣

ሲስተር ዓባይነሽ ጨመዳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ቅዳሜ ባቻ ለገበያ መጥቶ ጤና ጣቢያው ጎራ ስላለ ይህን ደብዳቤ በኦሮምኛ አነበብኩለት። ሰምቶ ሲያበቃ «ይህ ሰውዬ ልቅሶ አይደርስም እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ። ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል ብዬ ተከላከልኩልዎ። መቃብሩ ከመንገዱ ብዙም አይርቅም አሉ። እርስዎ የሚጓዙባት መኪና ባለፈው ሰኞ ጋራዥ ውስጥ ዘይቷ ሲቀየር አይቻታለሁ፤ ደርሳ ለመመለስ አታንስም።