ከበሮው ያልቀሰቀሰው ልጅ

እሑድ፣ ኅዳር 14

የቤተ ክርስቲያን ጸሎት ቡድናችን ልጄን ሊባርክ ዛሬ ታቦር ሰፈር፣ እኛ ቤት መጣ። በጭብጨባውና በከበሮው መስኮቱ ሲንቀጠቀጥ ልጄ እቅፌ ውስጥ እንቅልፉን ይለጥጣል። ሽፋሽፍቱ እንኳን አልተነቃነቀም። "ጌታ ሰላሙን ያበዛለት ልጅ!" አሉ ጸሎት መሪው። ሁሉም "አሜን!" ሲሉ እኔ ግን አቃተኝ። ያዋለደችኝ ነርስ፣ ጨቅላ ልጅ ኃይለኛ ድምፅ ሲሰማ ይደነግጣል ብላኛለች። የኔው ወር ሊሞላው ነው፤ ደንግጦ አያውቅም።

እንግዶቹ ሲሄዱ በሩን ዘግቼ የድስት ክዳን ራስጌው ወለሉ ላይ ለቀቅኩት። እኔ ክው አልኩ፤ እሱ ተኝቷል። ደገምኩት። አሁንም ያው ነው።

አማቴ ከጓዳ ጮኹብኝ፦ "ምነው ልጄ፣ ቀስ በይ እንጂ! ሕፃኑን ታስደነግጪዋለሽ!"

ጌታ ሆይ፣ ምነው ባስደነገጥኩት።