ውሃ ለብ ስላደረገው ድግምትና ስለተዘጋብን የኋላ ክፍል

ለተከበሩ የሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ
ባሉበት የሚሽከረከር የቢሮ ወንበር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ። ደረጃ ሲወጡ የሚያስቸግርዎ ጉልበት፣ እኛ ስንስቅ ከፍ የሚለው ደም ግፊትዎ፣ ወንበር ሲንቀሳቀስ የሚነሣብዎ ራስ ምታት፣ ሁሉም በያሉበት ደህና ናቸው ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። የኋላውን ክፍል ከቆለፉብን ወዲህ እንደተሻለዎትም እገምታለሁ። እኛ ግን አልተሻለንም።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በዚያች ክፍል ከሚሰበሰቡት ልጆች መካከል ብዙ የምታወራዋ እኔ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍኩት ወድጄ አይደለም። በፖስታ አሽጌ ያስገባኋቸው ሁለቱ ደብዳቤዎች «ይታያል» ተብለው ሳይታዩ ስለቀሩ ነው። ጉዳዩ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም፤ የጨዋታችን ተራኪ የሆነችው የአክስቴ ልጅ በዚህ ወር መጨረሻ የመጀመሪያ ሥራዋን ልትጀምር ወደ ሌላ ከተማ ትሄዳለች። ተረቱ ያለው እሷ ጭንቅላት ውስጥ ስለሆነ፣ እሷ ሳትሄድ ካልጨረስነው መቼም አንጨርሰውም።

ጨዋታው፣ ለማያውቀው አንባቢ፣ እንዲህ ነው። አንዷ ትተርካለች፤ ሌሎቻችን በተረቱ ውስጥ አንዳንድ ሰው ሆነን ምን እንደምናደርግ እንናገራለን፤ ያሰብነው ይሳካ አይሳካ የሚወስነው ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ፣ ማለትም ቁጥር የተጻፈበት የዕጣ ጠጠር ነው፤ ትልቅ ቁጥር ከወጣ ይሳካል። እርስዎ ግን «በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አስማት መሥራት በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ማስታወቂያ «ስልክ ማናገር ክልክል ነው» ከሚለው ጎን አስለጠፉልን። ስለዚህ ብቻ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ከእንግዲህ ማንም ተነሥቶ የመጽሐፍ መደርደሪያውን እንቁራሪት ሊያደርግብን አይችልም።

አቤቱታዎቼን በትሕትና እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩ኛ. የታገድነው አስማት አበዛችሁ ተብለን ነው። ክቡር ሆይ፣ እኛ ተጫዋቾቹ እርስ በርሳችን የምንነታረክበት አንድ ነገር ቢኖር ጨዋታው አስማት የለውም የሚለው ነው! የደንቡ መጽሐፍ ስለ ድግምት አንድ ገጽ ተኩል፣ ስለ በቅሎ አያያዝ ግን አንድ ሙሉ ምዕራፍ አለው። ከቅጥነቱ የተነሣ ሽቦ የምንለው ጓደኛችን አስማተኛ ሆኖ ነው የሚጫወተው። ተራራ ላይ ሰባት ዓመት ተምሮ ያተረፈው ጥበብ በቀን አንድ ጊዜ አንድ ኩባያ ውሃ ለብ ማድረግ ነው። እሱም ከተሳካለት ነው፤ ካልተሳካለት ያስነጥሰዋል። «ሌላ ቦታ ብጫወት እኮ እስካሁን ተራራ ገልብጬ ነበር» እያለ ሲያማርር፣ የአክስቴ ልጅ «ሂድና ገልብጥ፣ ማን ያዘህ?» ትለዋለች። ቢሮዎ ውስጥ ያለችው የውሃ ማፍያ ከእሱ በብዙ እጥፍ የበለጠች ጠንቋይ ስለሆነች፣ የእገዳው ደብዳቤ ለእሷም ቢደርሳት ፍትሐዊ ይመስለኛል።

፪ኛ. እኔ ጦረኛ ነኝ። ሰይፍ አለኝ፣ ጋሻ አለኝ፣ ስሜ በሦስት መንደር ይፈራል። ዘንዶ ሳይሆን በቅሎ ጥላኝ ቁርጭምጭሚቴ ቆሰለ። ደንቡ ለቁስል ያዘዘው መድኃኒት ዕረፍት ብቻ ስለሆነ፣ ጓደኞቼ ጎርፍ ሊወስዳት ያለችውን መንደር ለማዳን ሲሯሯጡ እኔ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ተራዬ ሲደርስ «ሾርባ ጠጣሁ፣ ተኛሁ» እያልኩ አሳለፍኩ። ይህን ያየ ሰው ልጆቹ መንፈስ ይጠራሉ ከሚል ይልቅ ጤና ጣቢያ ወረፋ ይዘዋል ቢል ይቀለው ነበር። ሽቦ ይህን ደንብ አምርሮ ይጠላዋል። እኔ ግን፣ ለማንም አይንገሩብኝ እንጂ፣ እወደዋለሁ። በአንድ ቃል የሚድን ቁስል ማን ያሳስበዋል? ቁስሌ ሲያመረቅዝ ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሁሉ ከልቡ ደነገጠ፤ በሳምንቱ መካከል ሽቦ ቤታችን ድረስ መጥቶ «እግርሽ እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እናቴም ደንግጣ ካልሲዬን አስወልቃ አየችኝ።

፫ኛ. ወደ ወንጀሉ ልምጣ። በዚያ ቅዳሜ፣ በተረቱ ውስጥ፣ ቁስሌ በሙቅ ውሃ ካልታጠበ እግሬ ሊቆረጥ ነው። ዝናብ ስለሆነ የሚነድ እንጨት የለም። ያለን ሽቦ ብቻ ነው፤ ሽቦ ደግሞ ጨዋታው ከተጀመረ ጀምሮ እያስነጠሰ እንጂ አንድም ቀን ተሳክቶለት አያውቅም። ዳይሱን ጣለ። ሃያ! ሽቦ ሁለት እጁን ወደ ጣሪያው ዘርግቶ «ሠራ! ድግምቱ ሠራ!» ብሎ ጮኸ። በሩ የተከፈተው ያኔ ነው። በፍቅር እትዬ ጸጥታ የምንላቸው የመጽሐፍ አዋሿ ሲገቡ ያዩት እኔን ሁለት ወንበር ላይ ተጋድሜ፣ ሽቦን በላዬ እጁን ዘርግቶ፣ መካከላችን ደግሞ አንድ ኩባያ ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔም ብሆን እሮጥ ነበር። ሆኖም ከመሮጣቸው በፊት ኩባያውን ነካ ቢያደርጉት ኖሮ ውሃው ቀዝቃዛ እንደነበር ይመሰክሩልን ነበር።

፬ኛ. የደንብ መጽሐፋችንና ዳይሳችን «ለምርመራ» ተወሰዱ። እኔም ወላጅ ይዤ ሦስት አባላት ባሉት የቤተ መጻሕፍቱ ኮሚቴ ፊት እንድቀርብ ታዘዝኩ። ልብስ ሰፊዋ እናቴ ሱቋን ዘግታ፣ መርፌ ደረቷ ላይ እንደተሰካ፣ አብራኝ መጣች። ከስብሰባው ክፍል ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ስንጠብቅ፣ ክቡር ሆይ፣ በሩ እንደሚገባ አይዘጋም። ከሁሉ ጎልቶ የሰማነው የጡረተኛውን የሒሳብ መምህር፣ የግማሽ ነጥብ ቅነሳ አባት የጋሽ ነጥብን ድምፅ ነው፤ «አይቻልም! በቅሎዋ ደክማለች፣ ደንቡ ገጽ አርባ ላይ ይላል!» እትዬ ጸጥታም፣ ያ በሹክሹክታ ብቻ የምናውቀው ድምፃቸው ኮሪደሩን እያናጋው፣ «በቅሎዋ የእኔ ናት! መድከሟን ካንተ ልሰማ ነው?» አሉ። ከዚያ እርስዎ፣ «በቃ ዝም በሉ፣ በሩን እኔው እገነጥለዋለሁ» አሉ። አንድ ነገር ጠረጴዛው ላይ ተንከባለለ። «ሁለት!» አሉ ጋሽ ነጥብ፣ በሳቅ እየፈነዱ።

እናቴ ወደ እኔ ዞራ «የሚፈርዱብሽ እነዚህ ናቸው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «እንግዲያው ተያቸው፣ ይጨርሱ» አለችና ሱቋን ልትከፍት ሄደች። ትንሽ ቆይተው እርስዎ ብቅ ብለው፣ ኮሚቴው አጣዳፊ ምርመራ ላይ ስለሆነ ጉዳዬ በሌላ ቀን እንደሚታይ ነገሩኝ። ከመላጣዎ ላይ ላብዎን ሲጠርጉ ሳይ ምርመራው ምን ያህል እንደከበደ ገባኝ።

ክቡር ሆይ፣ አልተቀየምኩም። እንዲያውም ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም፤ ደረጃውን የወረድኩት እየዘለልኩ ነው። ነገር ግን እንደ ልምድ ባለቤት አንድ ነገር ልንገርዎ። ባለፈው ሳምንት በኮሪደሩ ሳልፍ ገና ያው የተረቱ በር ላይ ነበራችሁ። በሩ ያልተከፈተው ዳይሱ ስለጠላችሁ አይደለም፤ ሦስታችሁም ዳኛ ናችሁ፣ ተራኪ ግን የላችሁም። ሦስት ዳኛ ባለበት ቤት በር አይከፈትም። የአክስቴ ልጅ ብትኖር ኖሮ «እሺ፣ በሩ አልተገነጠለም፤ ግን ከውስጥ የሆነ ሰው ሰማ» ትልና ተረቱ ይቀጥል ነበር።

እናንተ ክፍልም መጽሐፍም አላችሁ፤ እኛ ተራኪ አለችን፣ እሷም በቅርቡ ትሄዳለች። ስለዚህ የኋላውን ክፍል ቅዳሜ ይክፈቱልን፣ እኛም ሦስት ወንበር እንጨምራለን። መንደሯን ከጎርፉ ለማዳን ሰው አንሶናል፤ ደንቡን በቃሉ የሚያውቅ ሰው፣ በቅሎ የሚወድ ሰውና በር ካየ የማያልፍ ሰው ቢገኝልን መድረሳችን አይቀርም። የምንለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጠረጴዛው ላይ ኃላፊ የለም፣ ተራ ይጠበቃል።

ሽንፈትዎን በክብር እንዲቀበሉ ከወዲሁ እየተመኘሁ፣ ለትዕግሥትዎ፣ ለማስታወቂያዎ፣ ከሁሉም በላይ እንደሚገባ ለማይዘጋው በርዎ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ አመሰግናለሁ።

የታገደችው፣ ያነከሰችው፣ ግን ገና ያልተሸነፈችው ጦረኛ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የሚጫወቱትን ገጸ ባሕርይ ለኮሚቴው ሲያስተዋውቁ እኔና እናቴ አግዳሚው ላይ ሆነን ሰምተናል፤ ጉልበቱ የማያመው፣ ጸጉሩ እንደ ጋማ ትከሻው ላይ የተዘናፈለ የሃያ ዓመት ጎረምሳ። ለጉልበቱ አንድ ነገር እናደርጋለን። ስለ ጸጉሩ ግን ከወዲሁ ይቅርታዎን እንለምናለን፤ በእኛ ጨዋታ ውስጥ ያን ያህል አስማት የለም።