«ካልተቀበልንሽስ?» ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ

ለተከበራችሁ የሕክምና ትምህርት ቤቱ የቃለ መጠይቅ ኮሚቴ አባላት፣

ከሁሉ አስቀድሜ ሙሉ ጤና እየተመኘሁላችሁ፣ የምትታመሙበት ቀን ቢመጣ እንኳ ፈጣሪ ሐኪም በቅርብ ከሚገኝበት ከተማ እንዳያርቃችሁ እጸልያለሁ። ትርሲት ቀለመወርቅ እባላለሁ፤ በታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ ወጣ ብሎ ባለ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ዓምናና ዘንድሮ በፊታችሁ የመቀመጥ ክብር ስላገኘሁ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ወድጃለሁ።

አንደኛ፤ ዓምና ክቡር ሰብሳቢው «ካልተቀበልንሽስ ምን ታደርጊያለሽ?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ «አዋላጅነቴን እየሠራሁ ለከርሞ ተመልሼ አመለክታለሁ» አልሁ። «ይኼ ዕቅድ አይደለም፤ ድርቅና ነው» ብለው ስላረሙኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፤ እርማቱን ተቀብዬ ዘንድሮ ለዚያው ጥያቄ «በሕብረተሰብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪ እማራለሁ» ብል፣ እኒያው ሰብሳቢ መነጽራቸውን አውልቀው «አየሽ፣ ልብሽ ሕክምናው ላይ የለም» አሉኝ። አንድ ሐሳብ ብይዝ ደረቅ፣ ሁለት ብይዝ ወላዋይ ከሆንሁ፣ የሚያልፈውን መልስ በራችሁ ላይ እንድትለጥፉልን በትሕትና እለምናለሁ።

ሦስተኛ፤ ልቤ የት እንዳለ ላስረዳ ብዬ የእመቤትን ነገር አነሣሁ። እመቤት ክረምት ላይ ምጥ ጠንቶባት ጎረቤቶቿ በቃሬዛ ያመጧት ወላድ ናት። ቀዶ ሕክምና የሚሠራ ሐኪም በአጠገባችን ስለሌለ በአምቡላንስ ይዣት ወደ ንፋስ መውጫ ሆስፒታል ስንወጣ ጭቃ ያዘን። እዚያው መኪናው ውስጥ ወለደች፤ እሷ ተረፈች፣ ልጇ ግን ትንፋሽ አልነበረውም። «ምነው ዝም አለ?» ስትለኝ ጠቅልዬ ደረቷ ላይ አስተኛሁላት። ይህን ስነግራችሁ «ስሜቱን ተይውና ወደ ጥያቄው» ተባልሁ። እኔም ታዛዥ ነኝና ወደ ጥያቄው ተመለስሁ፤ ከግቢያችሁ ወጥቼ ግን አጥሩን ተደግፌ አለቀስሁ።

ከተመረጡት መካከል ስሜ የለም። ለከርሞ እመጣለሁ፤ ስትጠይቁኝም የዓምናውን መልስ እደግመዋለሁ፤ እውነቱ እሱ ብቻ ነውና።

ጊዜያችሁን ሠውታችሁ ስላላዳመጣችሁኝ እጅ እየነሣሁ፣
በታላቅ አክብሮትና በተረፈችኝ ጥቂት ትዕግሥት፣
ትርሲት ቀለመወርቅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በእኛ በኩል «የቀዶ ሐኪም ይፈለጋል» የሚለው ማስታወቂያ ፀሐይ እስኪያደበዝዘው ተለጥፎ ቢከርምም የሚመጣ አልተገኘም። ከመካከላችሁ ፈቃደኛ ቢኖር፣ አንድም ጥያቄ ሳንጠይቅ እንቀበላለን።