የኢዮብን ሚስት ማን ጠየቃት?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ጉልበቴ ዛሬም አኮረፈኝ። ቢሆንም ወጣሁ። ምራቴ በር ላይ፣ «አባባ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ሊያናድዱ ነው?» «እግዜር የፈቀደውን!» ሳቋን ዋጥ አደረገችው።

የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናታችን ከቤተክርስቲያኑ ጀርባ፣ የመዘምራኑ ድምፅ ማጉያ የሚከማችበት ክፍል ውስጥ ነው። አንድ ደንብ አለችን፦ የሰው ሐሳብ ከመቃወምህ በፊት ያንኑ ሐሳብ ራስህ ተናገረው፤ ባለቤቱ «አዎ፣ እንደሱ ነው ያልኩት» እስኪልህ። ጥናቱን የምመራውም፣ እሷን ያወጣሁትም እኔ ነኝ... ዋና ተቀጪዋም እኔው። ጡረተኛው ሾፌር ዛሬ ደጋግሞ መለሰኝ። «አልገባህም ሽማግሌው፣ ድገም!»

ኢዮብን ጨረስን። በመጨረሻ ከብቱ እጥፍ ሆነለት፤ ልጆቹ ግን በቁጥር እንደ ድሮው፣ አስር። ሾፌሩ፣ «የፊተኞቹ በሰማይ አሉ፤ ሲደመር እጥፍ ነው» አለ። እኔ ደግሞ የመጽሐፉ መሃል ግጥም፣ ዳርና ዳሩ ትረካ ስለሆነ የሁለት ሰው እጅ ይሆን እንዴ የሚሉ ሊቃውንት እንዳሉ አነሳሁ። ከመካከላችን ልብስ ሰፊዋ አለች። አንድ ልጇን የቀበረች ሴት ናት። ድንገት፣ «አስር ቀብራ እንደገና አስር የወለደችው ማን ናት? ያቺው ሚስቱ ከሆነች፣ እሷን ማን ጠየቃት?»

የቤተክርስቲያኑ ኮሚቴ ሰብሳቢ ለካ በሩ ላይ ቆሟል። በሌለበት «አቶ አይሆንም» ነው የምንለው። «እህቴ፣ ይሄ ጥያቄ አይደለም። ማጉረምረም ነው» አላት። መነጽሯን ቦርሳዋ ከታ ወጣች።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ምራቴ፣ «አሞዎታል እንዴ? አንዴም አልቀለዱም።» ምን ልበላት?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

የልብስ ሰፊዋ ወንበር ባዶ። ይባስ ብሎ አቶ አይሆንም መጣ። ከእንግዲህ ጥያቄ ሁሉ አስቀድሞ ለሱ ይቀርባል፤ መልሱን አዘጋጅቶ ይሰጠናል። አለዚያ ክፍሉ ይዘጋል።

«መልሱ ቀድሞን ከመጣ እኛ ለምን እንመጣለን? ወንበር ለማሞቅ?» አልኩት።

«አባት፣ ዕድሜዎን አከብራለሁ...»

«ዕድሜዬን ተወው፣ እሱ ራሱን ችሏል!»

ሁሉም ሳቀ። እሱ አልሳቀም። እኔም ቤቴ ስደርስ አልሳቅኩም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ወደ ልብስ ሰፊዋ ሱቅ ሰበብ ይዤ ሄድኩ። የሱሪዬን ጫፍ አገላብጣ አየችው።

«አባባ፣ ይሄ በመቀስ የተፈታ ነው።»

«አይጥ ይሆናል።»

«መቀስ የያዘች አይጥ?»

ተያዝኩ። እንድትመለስ ለመንኳት። «ልጄን አንስቼ የማወራው እዚያ ብቻ ነበር» አለች። «ቤት ውስጥ ሁሉም ወሬ ይቀይርብኛል። እዚያም አጉረመረምሽ ከተባልኩ የት ልሂድ?»

«እንግዲያው ረቡዕ ጥያቄሽን እኔ እጠይቅልሻለሁ። ይዝጋ ከፈለገ!»

ማሽኗን አቆመች። «የኔን ጥያቄ ለኔ ይተዉልኝ።» ትመጣ ይሆን?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

መጣች!

አቶ አይሆንም ፊት ለፊት ወንበር ይዟል። ቆማ ጥያቄዋን ቃል በቃል ደገመችው። ሊመልስ አፉን ሲከፍት፣ «ቆይ፣ ደንብ አለን» አልኩ። «መጀመሪያ የሷን ሐሳብ ንገረን።»

«እግዚአብሔር በደለ ነው የምትለው።»

«አላልኩም» አለች።

«ሚስትየዋ ከኢዮብ ትበልጣለች...»

«እሱንም አላልኩም።»

አንገትጌውን ፈታ። ሾፌሩ፣ «ድገም!» ሊል ሲል በክርኔ ጎሸምኩት። ሰውዬው መጽሐፉን ወደፊት ገለጠ፣ ወደኋላ ገለጠ... ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «የሞተ ልጅ በሌላ ልጅ አይተካም። ሌላ ቢወለድም ያ ሐዘን አለ። ይሄንን ነው?»

«አዎ። እንደሱ ነው ያልኩት።» ተቀመጠች።

ያዘጋጀውን መልስ ጠበቅን። አላወጣውም። መጽሐፉን ዘግቶ፣ «ክፍሉ አይዘጋም፤ ጠይቁ። ግን እኝህ ሽማግሌ መምራታቸው ይቅር» አለ።

«እሺ» አልኩ። ቶሎ ማለቴ አላማረውም። «ምን አስበው ነው?» «ምንም። ሽማግሌ ነኝ!»

ማን ይምራ ሲባል ሁላችንም ወደ አንድ ወንበር ዞርን።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ልብስ ሰፊዋ መራች። የዮፍታሔን ልጅ ታሪክ አወጣች። አባቷ ድል ካገኘሁ ብሎ ተስሎ ለመሥዋዕት የሰጣት ልጅ። «ስሟ አልተጻፈም። ለምን?» አለችና ሁላችንንም ከመነጽሯ በላይ አየችን። ጉድ ፈላ! ሰውዬው እኔን ሲያወርድ ዝምታ የሚያገኝ መስሎታል። ከኔ የባሰች ነው የሾመው። ከኋላ ተቀምጦ ያቺን ገጽ እየፈለገ ነበር።

እጄን አወጣሁ።

«አባባ፣ ተራዎን ይጠብቁ።»

እኔን! ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አቶ አይሆንም ሳይቀር ሳቀ፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ይሳቅ።

እጄን ግን አላወረድኩም።