በጨርቅ ላይ የተቀመጠው ነጠላ ጫማ

እህቴ፣

ያልገደልኩትን ሰው ገደልክ ተብዬ ወጣትነቴን እስር ቤት ጨረስኩ፤ አሁን ደግሞ ያንኑ ውሸት ድንጋይ ላይ አስቀርጻችሁ አንገቴ ላይ አበባ ልታጠልቁ ነው። የተደረገብኝ በደል ይህ ነው። ሰላምታው ከዚህ በኋላ ይምጣ ብዬ ነው።

ጉልበትሽ እንዴት ሰነበተ? ዘንድሮ ወንዙ ሞልቶ እናንተ ሠፈር ድረስ ገባ ሲሉ ሰማሁ፤ ቤትሽ ምሰሶ ላይ ከፍ ያለ ስለሆነ ብዙም አልሰጋሁም። ባለቤትሽ ካረፈ ወዲህ ደረጃውን ብቻሽን አትውጪ። እኔ ደህና ነኝ። ሳል አለብኝ፤ ሲጋራውን ግን አልተውኩም።

ደብዳቤሽን ይዞልኝ የመጣው የሐውልት ኮሚቴው ሊቀ መንበር ኮ ቴይን ሃን ነው። በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብሎ ያንን የቤቴል ቅጠሉን እያኘከ፣ "አጎቴ፣ ከእርስዎ የሚፈለገው መቆም ብቻ ነው። ለእንግሊዝ ያደረን የወረዳ ገዥ መግደል ምኑ ያሳፍራል?" አለኝ። አልገደልኩም አልኩት። ሳቀ። "ጀግና ሁሉ እንዲህ ይላል! ትሕትናውን ለመነኮሳቱ ይተዉላቸው" አለ። "አንተ ልጅ፣ ጆሮህንም ቤቴል ደፈነው እንዴ?" አልኩት። የባሰውን ሳቀ።

አንቺም የጻፍሽልኝ ያው ነው። "ወንድም ጋሼ፣ ክብር ሆኖ የመጣውን ለምን ይመልሱታል? ዝም ይበሉ" ብለሻል። ዝም ብል ስሜ ይቀረጻል። ብናገር ደግሞ ስሙ የሚነሣ ሌላ ሰው አለ። ስለዚህ አንድ ጊዜ፣ ለአንቺ ብቻ፣ ማስረጃውን ላፍርሰው።

ገዥው ኡ ፖ ልዊን በጾሙ ማብቂያ በዓል ከቡድሃው መቅደስ፣ ከፓጎዳው ላይ ተንበርክኮ ሳለ በቢላ ተወጋ። አጠገቡ የእኔ የግራ ነጠላ ጫማ ተገኘ። ቀኙን ፖሊሶች ቤቴ አገኙት። በዚያ ሰሞን ከገዥው ጋር በግብር ጉዳይ ገበያ መሀል ተሰዳድበን ስለነበር ሌላ ተጠርጣሪ የፈለገ አልነበረም።

አንቺ ለምስክርነት ችሎት ተጠርተሽ፣ ማሰሪያውን በአረንጓዴ ክር የሰፋሁለት እኔ ነኝ አልሽ። እውነት ነው። ጫማዬን ከፓጎዳው ደረጃ ግርጌ፣ ከሕዝቡ ጫማ ጋር ትቼ እንደወጣሁም ታውቂያለሽ፤ የራስሽንም ያወለቅሽው ከእኔው አጠገብ ነበር። ስንወርድ ግራው ጠፍቶ በአንድ እግር ጫማ ስሄድ ሆድሽን ይዘሽ ስቀሻል። ይህን አልተናገርሽም። ማንም አልጠየቀኝም ትያለሽ። አዎ፣ ማንም አልጠየቀሽም።

ጠበቃዬ፣ በርማዊ ፓጎዳ ላይ በጫማ አይወጣም ብሎ ተከራከረ። ዓቃቤ ሕጉ፣ "ሰው ሊያርድ የሚሄድ ጫማውን አውልቆ ኖሯል የሚሄደው?" ብሎ ችሎቱን አሳቀበት። ዳኛው ከነጫማው የሚጸልይ አገር ሰው ነውና አብሮ ሳቀ።

በሳቁ መሀል ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ጨርቅ ልብ ያለው የለም። ፖሊሱ ጫማውን ያገኘው በአራት የታጠፈ ጨርቅ ላይ ተቀምጦ መሆኑን ቃሉን ሰጥቷል። እስቲ አስቢው። የሚሮጥ ነፍሰ ገዳይ፣ ጫማው ቢወልቅበት ጨርቅ አያነጥፍለትም። ፈረንጅ እኔን ለማስጠርጠር ቢፈልግ ወለሉ ላይ ወርውሮት ይሄዳል። ጨርቅ የሚያነጥፍ ከእኛው አንዱ ነው፤ ሰው አሳልፎ ሲሰጥ እጁ ያልተንቀጠቀጠ፣ የጫማ ሶል የፓጎዳውን ወለል እንዳይነካ ግን የፈራ።

ጠበቃዬ ስለ ጨርቁ ሊጠይቅ ሲነሣ እጅጌውን ይዤ አስቀመጥኩት። ያኔ ሆድሽ ገፍቶ ነበር። የገዥው ጸሐፊ የነበረው ባለቤትሽ አጠገብሽ ተቀምጦ ያራግብልሽ ነበር። የጨርቁን ጠርዝ ቢጫ ጥልፍ ለሠርግሽ ስትጠልፊው ክሩን የማቀብልሽ እኔ ነበርኩ። ቀና ብለሽ አየሽኝ። እኔም አየሁሽ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቂዋለሽ። ጃፓኖች ገብተው የእስር ቤቱ በር እስኪከፈት እዚያው ኖርኩ።

ለኮ ቴይን ሃን ስለ ጫማው ብቻ ነገርኩት። ማኘኩን አቆመ። "ታዲያ አጎቴ፣ ጫማውን ማን ወደ ላይ አወጣው?" አለኝ። "ዝናብ መጣ፣ ብስክሌትህን አስገባ" አልኩት።

ስሜን ከድንጋዩ ካላወጡት በምረቃው ዕለት መጥቼ በመዶሻ አወጣዋለሁ፤ ይህን ንገሪያቸው። በእኔ ቦታ ማንም እንዲጻፍ አልጠቆምኩም። ልጅሽ አባቱን እስከ ዛሬ እንደሚያውቀው ይወቀው።

ጎርፉ ከደጅሽ ይመለስ፤ የልጅ ልጆችሽ በጤና ይደጉ፤ ዕድሜሽ ይርዘም። ዝናቡ ሲያባራ ነይ፤ ሩዝና ዓሣ አይጠፋም። ጫማሽን እንደ ልማድሽ ደጅ አውልቀሽ ግቢ። ይህን ነገር ግን አታንሺብኝ። ከዚህ መስመር በኋላ ለአንቺም ለማንም ስለ እሱ አንዲት ቃል አልናገርም።

ታላቅ ወንድምሽ