እጃቸውን ስላወጡት እማማ ደወል

ለፈረሰው የቁጠባ ባንካችን አጣሪ ቦርድ ክቡር ሰብሳቢ፣

ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎ፣ በተለይም ለአማችዎ የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር እንዲረዱልኝ እለምናለሁ፤ ይህን የምጽፈው ያስቀመጥሁትን ገንዘብ ለማስመለስ አይደለም። እሱን «ላም አለኝ በሰማይ» ብዬ ትቼዋለሁ። የምጽፈው በስብሰባዎ ላይ እጃቸውን አውጥተው ስለጠየቁና ዛሬ ያው እጃቸው ተሰብሮ በፖሊስ ጣቢያ ስለሚገኙ እናት ነው።

እኒህ እናት ባስተማርሁበት ትምህርት ቤት የጽዳት ሠራተኛ ነበሩ፤ ደወሉንም የሚደውሉት እሳቸው ስለነበሩ ሁላችንም እማማ ደወል እንላቸዋለን። ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ የማስተማር ልማድ ነውና ይታገሡኝ።

፩. እርስዎ የባንኩ ኃላፊ ሳሉ አማችዎ ያለ ምንም መያዣ ከባንካችን ተበድረው ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ እንደሠሩ ይነገራል። («ይነገራል» የምትለዋን ቃል እንዳልረሳ ጠበቃ አደራ ብሎኛል።) እኛ ለጣሪያ ቆርቆሮ ስንበደር ሁለት ዋስ እንጠራ ነበር። ለእሳቸው እርስዎን የመሰለ ዘመድ ዋስ ሆኗቸዋልና አልፈርድም።

፪. ባንኩ ሲወድቅ አጣሪ ሆነው መሾምዎ አስደስቶናል፤ ገንዘቡ የሄደበትን መንገድ ከእርስዎ በላይ ማን ያውቀዋል? ቢሮዎን በዚያው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከተረፈችው ገንዘባችን በሚከፈል ኪራይ ስለከፈቱልንም እናመሰግናለን። ገንዘባችንን ለማየት ሊፍት መሳፈር ብቻ በቂ ሆኖልናል።

፫. በዚያው ሕንፃ አዳራሽ ባለፈው በጠሩን ስብሰባ «ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ» አሉ። እማማ ደወል ለዓመታት በክፍሌ መስኮት ሲያዩት የኖሩትን ሥርዓት ጠብቀው ቀኝ እጃቸውን አወጡ። ሲፈቀድላቸውም «የኔ ልጅ፣ ይሄ የተቀመጥንበት ሕንፃ የማነው?» አሉ። አዳራሹ ሳቀ፤ እርስዎም ሳቁ። ከዚያ ጥበቃዎቹ «ነይ አንቺ አሮጊት፣ መልሱ ውጭ ነው» እያሉ ወሰዷቸው። ከበሩ ማዶ ሲጮኹ ሁላችንም ሰማን። እርስዎ ጉሮሮዎን ጠርገው ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፉ፤ አጀንዳውም የአስቀማጮች መብት ነበር።

የጣቢያው አዛዥ «ስብሰባ አወኩ» ብሎ የከሰሳቸው ቢሮዎ ስለሆነ ክሱን መተውዎን በአንድ መስመር ከጻፉ እንደሚለቋቸው ነግረውኛል። ያየቻቸው ነርስ አጥንቱ ተጣሞ እየገጠመ ነው፣ ቶሎ ሐኪም ቤት ይግቡ ብላለች። ልጃቸው ትናንት ምሳ ስታደርስ በግራ እጃቸው ማንኪያ መያዝ ሲለማመዱ አገኘቻቸው።

እርስዎ የሥራ ብዛት አለብዎ። አጥንት ግን የቦርድ ውሳኔ አይጠብቅም። ስለዚህ ያቺን አንድ መስመር ዛሬውኑ እንዲጽፉልን፣ መልስዎንም ሳይውል ሳያድር እንዲያሳውቁኝ እለምናለሁ።

ከአራተኛ ፎቅ መስኮትዎ ሥር ቆሞ መልስዎን የሚጠባበቅ፣
ጡረተኛው መምህር

ማሳሰቢያ፦ በሚቀጥለው ስብሰባ ሁላችንም ያንኑ ጥያቄ ይዘን እጃችንን እናወጣለን። ጥበቃዎችዎ በቁጥር እንዳያንሱብዎ ብዬ አስቀድሜ ማሳወቄ ነው።