ማንም የሌለበት ሣር

ሰኞ፣ የካቲት 2 ቀን 1962

ታዴ፣ የሳጥንህን ቁልፍ የት አኖርከው? እማዬ ስበረው ትላለች። እጄ እምቢ አለ። አርባህ ትናንት ወጣ።

ት/ቤት። ጂኦግራፊ። የአምስት ዓመቱ ዕቅድ። መምህሩ የውጭ አገር ካፒታልን በየዘርፉ ከፍለን ሠንጠረዥ እንድንሠራ አዘዘን፤ ማዕድን፣ እርሻ፣ ፋብሪካ፣ ከብት እርባታ። ከየዘርፉ የአገራችሁን ምሳሌ አምጡ አለ። ለማዕድን ሁሉም የሻኪሶን ወርቅ ጻፈ። ለከብት እርባታ ጂሎ ከኋላዬ ጎሸመኝ፤ «የወንድምህን ፈረንጅ ጻፍ እንጂ፣ ሞኝ!» ከዚያ መሞትህ ትዝ አለው። እጁን ሰበሰበ። ልስቅለት ፈልጌ ነበር። አልቻልኩም።

ረቡዕ፣ የካቲት 4

ሳጥኑን ሰበርኩት። ይቅርታ። ሸሚዝ፣ ቀይ እርሳስ፣ ለፈረንጁ የከብት ኩባንያ ስታስተረጉም የያዝከው ደብተር። አንዱን ገጽ ደጋግሜ አነበብኩት። ኅዳር። ፈረንጁ ሣሩ መሀል ቆሞ እዚህ የሚኖረው ማን ነው ብሎ ጠየቀ። ከብት አርቢው ኦቦ ጉዮ ማንም የለም አሉ። አንተም ማንም የለም አልክ። ካርታው ላይ «ባዶ መሬት» ተባለ። ከሥር በቀይ ጽፈሃል፦ ካሎ መሆኑን አልነገርኩትም። አልጠየቀኝም። ተመልሼ ልነግረው ይገባል።

ካሎ ባዶ! ሰው የማይገባበትማ ሣሩ ለበጋ፣ ለጥጆች ስለሚጠበቅ ነው። ይህን የነጌሌ ሕፃን ያውቀዋል። አንተም ፈረንጁ የሚያውቅ መስሎህ ነው ዝም ያልከው። ተናድጄብሃለሁ። ሳትነግረው ምን ያሳምምሃል?

ዓርብ፣ የካቲት 6

ኦቦ ጉዮ ለለቅሶ መጡ። «ናጋ?» «ናጋ።» ሰላም ተባባልን። ከእማዬ ጋር ተቀመጡ። ሲነሡ ደጅ ጠሩኝ። ካሎው ዙሪያ ችካል ተተክሏል አሉኝ። ጥጆቹ የሚገቡት በዚህ ወር ነው። ካርታው ማክሰኞ ወደ አዲስ አበባ ይላካል፤ ከዚያ ዕቅድ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ሊነግሩት ኩባንያው ካምፕ ሦስት ጊዜ ሄደዋል። በአንተ ቦታ የሚያስተረጉም አልተተካም። «ወንድምህ አፌ ነበር» አሉኝ። የኔ እንግሊዝኛ የክፍል እንግሊዝኛ ነው። እሺም እምቢም አላልኩ።

እሑድ፣ የካቲት 8

ሠንጠረዡ። ከብት እርባታ አጠገብ ምን ልጻፍ? ኩባንያው ከገባ መንገድ ይሠራል ይላሉ። መንገድ እኔም እፈልጋለሁ። ከተልተሌ ታመህ ስትመጣ ሁለት ቀን ፈጀብህ። ጻፍኩ። ሰረዝኩ። ካሎውስ?

እማዬ ነገ ሜጋ ወዳለው ሱቋ ትመለሳለች። አብረን እንሂድ ትለኛለች። ፈተና አለብኝ አልኳት። ፈተና የለም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 10

ትናንት እማዬን ሸኘሁ። ዛሬ ብቻዬን ነቃሁ። ረፈደ ብሎ ብርድ ልብስ የሚገፍፈኝ የለም፤ ገና ሳይነጋ ቁጭ ብያለሁ። ት/ቤት አልሄድኩም። ደብተርህንና እርሳስህን ይዤ ኦቦ ጉዮን ገበያው ጥግ አገኘኋቸው። ካምፑ በር ላይ ዘበኛው፣ «አንተ ደግሞ የማን ነህ?» «የታዴ።» ከፈተ።

ፈረንጁ ካርታውን ይጠቀልላል። ኦቦ ጉዮ በረጅሙ፣ እኔ በአጭሩ። ቃል ሲጠፋኝ ጥጃ ሣልኩ። ማንም የለም ብላችሁኝ አልነበር ወይ አለ ፈረንጁ። ለኦቦ ጉዮ ነገርኳቸው። «ዛሬ ማን አለ ብሎ ጠየቀኝ፤ የለም አልኩት። ዝናብ ሲጠፋ ማን ይመጣል ብሎ ይጠይቀኛ!» አሉ። ሳልቀንስ ተረጎምኩ፤ ካሎ ምን እንደሆነም ሳልጠየቅ ጨመርኩ።

ካርታውን መልሶ ዘረጋው፤ ጣቱን «ባዶ መሬት» የሚለው ላይ አኖረ። በኪሱ እርሳስ ፈለገ፣ አጣ። ያንተን ሰጠሁት።